ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽና ከወንዙ የጠፋው ዓሣ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ቬርሞንት የምትባል ትንሽ ተራራማ ግዛት አለች። በምሥራቅ ወሰኗ የኮኔቲከት ወንዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርድና 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከባሕር ይገባል። ሳልሞን የተባለው ትልቅ ዓሣ በየዓመቱ ከባሕር እየተነሣ፣ ፏፏቴውን እየዘለለ፣ በዚህ ወንዝ እስከ ቬርሞንት ተራሮች ሥር ድረስ ይወጣ ነበር። በ1798 ዓ.ም. ግን ተርነርስ ፎልስ በተባለው ስፍራ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተገደበ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ዓሣውም ከግድቡ ሥር ቆሞ ቀረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግድቡ በላይ ሳልሞን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ሆኑ።

ግድቡ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ ማርች 15 ቀን 1801 ዓ.ም.፣ ከዚሁ ወንዝ ገባር በአንዱ ዳር በምትገኘው በዉድስቶክ ከተማ ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ ተወለደ።

የጂኦግራፊና የደን ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን የማርሽን ስም ያውቁታል። በ1864 ዓ.ም. ያወጣው «ሰውና ተፈጥሮ» የተባለው መጽሐፍ የሰው ልጅ ምድርን እንዴት እንዳበላሸ በሰፊው ካስረዱት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ከዚያ መጽሐፍ ሰባት ዓመት ቀድሞ ስለ ዓሣ የጻፈውን አንድ ትንሽ ሪፖርት ነው። ማርሽ በዚያ ሪፖርት ወንዙ ለምን እንደ ሞተ እውነቱን ተናገረ፤ እውነቱን ከተናገረ በኋላ ግን ሌላ ምክር ሰጠ። የዓለም ነገር ሆኖ ምክሩ ወዲያው ተያዘ፤ እውነቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

አባቱ ቻርልስ ማርሽ የታወቀ የሕግ ሰውና ጥብቅ አባት ነበረ። ልጁ ገና በጨቅላነቱ ከመዝገበ ዕውቀት ላይ ተደፍቶ ይውል ስለ ነበረ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው የዓይኑ ብርሃን ሊጠፋ ተቃረበ። ሐኪሞችም ማንበብ ከለከሉት፤ ለዓመታት ያህል ሌሎች ሲያነቡለት በጆሮው ብቻ ተማረ። (በፈተና ሰሞን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት የምታበሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ልብ በሉት።) መጽሐፍ ሲነፈገው ወደ ጫካና ወደ ጅረት ወጣ። አንድ ቀን በሠረገላ ኰረብታ ለኰረብታ ሲሄዱ አባቱ የመሬቱን አቀማመጥ እያሳየ፣ በዚህ በኩል የዘነበው ዝናም ወደ አንዱ ጅረት፣ በዚያኛው በኩል የዘነበው ወደ ሌላው እንደሚወርድ፣ ተፋሰስ የሚባለውም ይኸው እንደ ሆነ አስረዳው። ማርሽ ይህን ትምህርት ካረጀ በኋላም ያስታውሰው ነበር። በኋላ በሕይወቱ የጻፈው ነገር ሁሉ ከዚህ ሠረገላ ላይ የጀመረ ይመስለኛል።

ከቤታቸው በስተጀርባ ያለው የቶም ተራራ በዚያን ጊዜ ደኑ ተመንጥሮና ተቃጥሎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ዝናም በዘነበ ቍጥር አፈሩ በጎርፍ ሲወርድ ሕፃኑ ያይ ነበር። ቬርሞንት በጠቅላላው እንደዚሁ ነበረች። ሰፋሪዎቹ ዛፉን ይቈርጡና ያቃጥሉ፣ ከዐመዱም ፖታሽ እያወጡ ይሸጡ ነበር፤ በኋላም ሜሪኖ የተባለው ባለ መልካም ሱፍ በግ ከስፔን መጣና የቀረውን ኰረብታ ጋጠው። በ1840 ዓ.ም. የግዛቲቱ ሕዝብ 300,000 እንኳ ሳይሞላ የበጎቹ ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል አልፎ ነበር። ለአንድ ሰው ከአምስት በግ በላይ ማለት ነው።

ማርሽ ትምህርቱን በዳርትማዝ ኮሌጅ በ1820 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ፈጸመ። ጥቂት ጊዜ አስተማሪ ሆነ፤ ማስተማሩን ግን ፈጽሞ ጠላው፤ ዓይኑም እንደ ገና ታመመበት። ከዚያ ሕግ ተምሮ በሻምፕሌይን ሐይቅ ዳር በምትገኘው በበርሊንግተን ከተማ ጠበቃ ሆነ። የሰውየው ሙያ ግን ይህ ነው ተብሎ አያልቅም። ሃያ ያህል ቋንቋ ያውቅ ነበር፤ የአይስላንድን ቋንቋ ሰዋስው በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ በ1838 ዓ.ም. አሳተመ። በንግድ በኩል ግን የነካው ሁሉ ከሰረ። በግ አረባ፤ ከሰረ። እንጨት ነገደ፤ ከሰረ። እብነ በረድ አስቈፈረ፣ በምድር ባቡር ገንዘቡን አገባ፤ እዚያም አልቀናው። በዊኑስኪ ወንዝ ኃይል ይሠራ በነበረ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካም ባለ ድርሻ ነበረ። ይህን የመጨረሻውን አንባቢ እንዳይረሳብኝ እለምናለሁ፤ ስለ ዓሣ የሚመሰክረው ይህ ሰው እሱ ራሱ ወንዝ ካስገደቡት ወገን ነበረ።

በ1833 ዓ.ም. ሚስቱና ታላቁ ልጁ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሞቱበት። ከስድስት ዓመት በኋላ ካሮላይን ክሬን የተባለችውን አገባ፤ እሷም እስከ ዕለተ ሞቱ የሥራ ጓደኛው ሆና ኖረች። ከ1843 እስከ 1849 ዓ.ም. ድረስ በዋሽንግተን የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ሲያገለግል፣ ስሚዝሶንያን የተባለው የሳይንስ ተቋም እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ነበረ። ስፔንሰር ቤርድ የተባለ ወጣት የሥነ ፍጥረት ሊቅም በ1850 ዓ.ም. እዚያ ሥራ እንዲያገኝ ረዳው። ይህን ወጣት ወደ ኋላ እናገኘዋለን።

በ1849 ዓ.ም. በቱርክ የአሜሪካ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሆኖ ወደ ቍስጥንጥንያ ተላከ። ደመወዙ ለኑሮው አልበቃ ብሎት በዕዳ ተዘፈቀ፤ ነገር ግን ብዙ አየ። በ1851 ዓ.ም. ዓባይን ተከትሎ እስከ ኑብያ ወጣ፤ ሲናን፣ ጴጥራንና ኢየሩሳሌምን ጐበኘ። የግብጽን እርሻ የሚያጠግበውን ደለል ባየ ጊዜ ያ አፈር በአብዛኛው ከኛው ተራሮች ታጥቦ የወረደ መሆኑን እኛ አንባቢዎቹ ልናስብ ይገባናል። ማርሽን ያስደነቀው ይህ ነው፦ በጥንት ዘመን ብዙ ሕዝብ ይመግቡ የነበሩ የሜዲቴራኒያን አገሮች ኰረብታቸው ዐጥንት ሆኖ፣ ምንጫቸው ደርቆ፣ ወንዞቻቸው በበጋ ጠጠር በክረምት ጎርፍ ሆነዋል። በእስያ በብዙ መቶ ዓመታት የደረሰውን ጥፋት እሱ በቬርሞንት በአንድ ሰው ዕድሜ ሲፈጸም አይቶት ነበር።

ወደ አገሩ የተመለሰው ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው። ስለዚህ የግዛቲቱ መንግሥት የሰጠውን ትንንሽ ሥራ ሁሉ ተቀበለ። ከነዚህ አንዱ፣ በወንዞች ውስጥ ያለቀው ዓሣ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ሊተካ ይችል እንደ ሆነ መርምሮ ለምክር ቤቱ ማስታወቅ ነበር። ሪፖርቱ በ1857 ዓ.ም. ታተመ።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ሳልሞኑ ኑሮ ጥቂት ልበል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገኘው ሳልሞን የሚወለደው በጨው ውሃ ሳይሆን በተራራ ጅረት ነው። እናቲቱ በመከር ወራት በጅራቷ ጠጠሩን ትቈፍርና እንቍላሏን ጥላ መልሳ በጠጠር ትሸፍነዋለች። እንቍላሉ ክረምቱን በሙሉ በዚያ ይቈያል፤ በጠጠሩ መካከል ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ካልተመላለሰበት ታፍኖ ይሞታል። የተፈለፈለው ትንሽ ዓሣ ሁለት ሦስት ዓመት በጅረቱ ውስጥ ተባይ እየለቀመ ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እስከ ግሪንላንድ ዳርቻ ሄዶ ይወፍራል። ከዚያም የተወለደበትን ወንዝ በሽታው እየለየ ይመለሳል። እንግዲህ ለዚህ ዓሣ ቤቱ አንድ ኩሬ አይደለም። ተራራው፣ ጥላ የሚሰጠው ዛፍ፣ ጠጠሩ፣ ወንዙ፣ የወንዙ አፍና ባሕሩ ሁሉ ቤቱ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ከተዘጋ ሌላው ቢቀና አይጠቅመውም።

በዚያን ጊዜ ዓሣው ለምን እንደ ጠፋ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ሁለት መልስ ነበረው፤ መረብና ግድብ። ማርሽም ሁለቱን አልካደም። እንቍላል ሊጥል የወጣን ዓሣ በዚያው ወራት መግደል ዘርን መፍጀት እንደ ሆነ፣ ግድቡም መንገዱን እንደ ዘጋ ጻፈ። የእንጨት መሰንጠቂያዎች ሰጋቱራቸውን፣ ፋብሪካዎችም ዝቃጫቸውን በወንዙ ላይ እንደሚደፉም አመለከተ። ነገር ግን እዚህ ላይ አላቆመም። ወንዙን ትቶ ወደ ኰረብታው ወጣ። ደን ባለበት ጊዜ የዛፉ ሥርና የረገፈው ቅጠል ዝናሙንና የበረዶውን ውሃ መጥጦ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቀው ነበር። ደኑ ሲመነጠር ውሃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ጎርፉም ጠጠሩን ከነእንቍላሉ ጠርጎ ይወስዳል፤ አፈሩ የቀረውን ጠጠር ይደፍነዋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ጅረቱ ይከሳል፤ ጥላ ስለሌለው ይሞቃል፤ ከቅጠሉ ላይ ይወድቅ የነበረው ተባይም ለዓሣው መብል መሆኑ ይቀራል። መረብ የነካው ሰው ባይኖር እንኳ፣ ግድብ የሚባል ነገር ባይሠራ እንኳ፣ ኰረብታው ከተራቈተ ዓሣው መቀነሱ አይቀርም ነበር ማለት ነው።

ይህ በ1857 ዓ.ም. የተጻፈ መሆኑ ያስገርመኛል። ዛሬ በብዙ አገር የተፋሰስ ጥናት ክፍሎች የሚሰጠው ትምህርት በመሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምን ይሁን? አንባቢ፣ ደኑ ይተከል፣ ግድቡ ይከፈት የሚል ውሳኔ ይጠብቃል። ማርሽ ግን የሕግ ሰውና የሕዝብ እንደራሴ የነበረ ስለ ሆነ የሚቻለውንና የማይቻለውን በሚዛን አስቀመጠው። የግድቦቹ ባለቤቶች መብት በሕግ የጸና ነው። ገበሬው ማሳውን መልሶ ደን አያደርገውም። የኮኔቲከት ወንዝም በሌሎች ግዛቶች አልፎ ስለሚወርድ ቬርሞንት ብቻዋን ብታዝዝ የሚሰማት የለም። ስለዚህ የጥንቱ ወንዝ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ተስፋ ከማድረግ ይልቅ፣ በዚያን ጊዜ ፈረንሳዮች እንደ ጀመሩት፣ እንቍላሉን በሰው እጅ አፈልፍሎ ዓሣውን በኩሬና በጅረት ማርባት እንዲበረታታ መከረ።

በዚህ ምክር ማርሽን ፈሪ የሚሉት ይኖራሉ። እኔ እንደዚያ አልልም፤ በዘመኑ ከነበረው ምክር ቤት ፊት ሌላ ሰው ቢቆም ከዚህ የበለጠ አያገኝም ነበር። ነገር ግን የፋብሪካው ሰው በሊቁ ሰው ላይ እጁን የጫነበት ስፍራ ይህ ይመስለኛል። አንድ በሽታ ሥሩ ከታወቀ በኋላ ለቅርንጫፉ ብቻ መድኃኒት ማዘዝ ለሚቀጥለው ሐኪም መንገድ ያሳስታል፤ ያሳሳተውም ወዲያው ነው።

በ1861 ዓ.ም. ፕሬዚደንት ሊንከን ማርሽን በአዲሱ የኢጣልያ መንግሥት የአሜሪካ የመጀመሪያ ሚኒስትር አድርገው ሾሙት። በቱሪን፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ፣ በመጨረሻም በሮም እስኪሞት ድረስ ሃያ አንድ ዓመት በዚሁ ሥራ ቈየ። ከቱሪን የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ፤ ደናቸው የተቈረጠ ሸለቆዎች ጎርፍ እንዴት እንደሚያደርጋቸው በቅርብ ተመለከተ፤ የፈረንሳይ መሐንዲሶች እነዚህን ተራሮች ዛፍ በመትከል ለማዳን የጻፉትንም አጠና። ከዚህ ሁሉ «ሰውና ተፈጥሮ» ወጣ። በሪፖርቱ ያሳነሰውን ነገር በመጽሐፉ ከፍ አድርጎ ተናገረው፤ የሰው ልጅ የሚያፈርስ ኃይል እንደ ሆነ ሁሉ የሚጠግንም ኃይል ሊሆን ይገባዋል፤ ደኑንም ውሃውንም ወደ ቀድሞ ሚዛናቸው ለመመለስ ከተፈጥሮ ጋር አብሮ መሥራት አለበት ሲል አስተማረ። መጽሐፉ ይሸጥልኛል ብሎ ስላላሰበ የደራሲነት መብቱን በእርስ በርስ ጦርነት ለቈሰሉ ወታደሮች ርዳታ ይሰጥ ለነበረው ማኅበር ለገሠ፤ ወዳጆቹ ግን ገዝተው መለሱለት። የንግድ ዕድሉን ለምናውቅ ይህ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ጁላይ 23 ቀን 1882 ዓ.ም. በኢጣልያ የደን ትምህርት ቤት በነበረበት በቫሎምብሮዛ በጥድ ዛፎች መካከል ዐረፈ፤ መቃብሩ በሮም ነው።

አሁን ወደ ስፔንሰር ቤርድ እንመለስ። በ1871 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን ሲያቋቁም የመጀመሪያው ኃላፊ እሱ ሆነ። ኮሚሽኑም መፈልፈያ ጣቢያዎች እየከፈተ በሚሊዮን የሚቈጠር እንቍላል በምድር ባቡር ከወንዝ ወደ ወንዝ ይልክ ጀመር። ይህ ለሁሉም የሚመች መድኃኒት ነበር። ግድብ የሠራው አይቈጣም፣ ደን የመነጠረው አይከሰስም፣ እንደራሴውም ለመራጮቹ የሚያሳየው ነገር አገኘ። በኮኔቲከት ወንዝም ትንንሽ ሳልሞኖች ተለቀቁ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥቂቶች ከባሕር ቢመለሱ በወንዙ አፍ መረብ ቈያቸው። ሙከራውም ተወ።

በ1967 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥቱና በወንዙ ዳር ያሉት አራት ግዛቶች ሳልሞኑን ለመመለስ እንደ ገና ተስማሙ። የወንዙ ጥንታዊ ዘር ፈጽሞ ስለ ጠፋ እንቍላሉ ከሌላ ወንዝ፣ ይበልጡንም ሜይን ውስጥ ካለው ከፔኖብስኮት መጣ። በግድቦቹ ላይ የዓሣ መሰላል ተሠራ። ብዙ ሚሊዮን ትንንሽ ዓሣ ተለቀቀ። ከዚህ ሁሉ ድካም ከባሕር የተመለሰው ሳልሞን የበዛበት ዓመት 1981 ሲሆን ቍጥሩ 529 ብቻ ነበር። ባሕሩም እየሞቀ ሄዶ የሚተርፈው እያነሰ መጣ።

ኦገስት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. አይሪን የተባለ ማዕበል ቬርሞንትን መታ። ጎርፉ በቤቴል ከተማ የነበረውን የዋይት ሪቨር መፈልፈያ ጣቢያ አጥለቀለቀው። ማርሽ በልጅነቱ በቶም ተራራ ሥር ያየው ውሃ ዓሣ ማርቢያውን ራሱን ጠረገ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ከዚያ በኋላ በየጅረቱ የቍፋሮ መኪና ገብቶ ድንጋዩንና የወደቀውን ግንድ እየዛቀ አወጣ፤ ሰው ጅረቱን ማጽዳቱ መስሎት ለዓሣው መጠጊያ የሆነውን አነሣበት። በሚከተለው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በኮኔቲከት ወንዝ ሳልሞን የመመለሱን ሥራ ማቆሙን አስታወቀ።

በሌላ ስፍራ ግን የሪፖርቱ የመጀመሪያ አጋማሽ አንባቢ አገኘ። በ1837 ዓ.ም. በሜይን በኬኔቤክ ወንዝ ላይ የተሠራው የኤድዋርድስ ግድብ በ1999 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ከሱም በላይ ባለው ገባር ሌላ ግድብ ሲነሣ፣ የሄሪንግ ዘመድ የሆነው የባሕር ዓሣ በሚሊዮን እየተቈጠረ ተመለሰ። በፔኖብስኮት ላይም በ2012ና በ2013 ዓ.ም. ሁለት ግድቦች ፈረሱ። በስተምዕራብ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በኤልዋ ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ተነሡ። በክላማዝ ወንዝ የአራት ግድቦች ማፍረስ በ2024 ዓ.ም. ሲፈጸም፣ ሳልሞን ከመቶ ዓመት በላይ ወዳልደረሰበት የወንዙ ክፍል ለመውጣት ጥቂት ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። ለዚህ የታገሉት ይልቁንም በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩት የአገሬው ነገዶች ናቸው፤ እነሱ ወንዙ የተራራውና የዓሣው መሆኑን ለማወቅ የማርሽን ሪፖርት አላስፈለጋቸውም።

በቬርሞንትም ሥራው አልቆመም፤ ተለወጠ እንጂ። በየጅረቱ ዳር ዛፍ ይተከላል፤ በመንገድ ሥር የተቀበሩ ጠባብ ቱቦዎች ዓሣ በሚያሳልፉ ሰፋፊ ድልድዮች ይተካሉ፤ ግንዶችም ሆን ተብሎ ተቈርጠው ወደ ውሃው ይጣላሉ። ግንዱ ውሃውን ያዘገያል፣ ከሥሩ ጥልቅ ኩሬ ይቈፈራል፣ ጠጠሩም ይሰበሰባል። ይህ ጥቅሙ ለጊዜው ለአገሩ ትራውት ነው።

የማርሽን የልጅነት ቤት በ1869 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ቢሊንግስ የተባለ በምድር ባቡር የበለጸገ የሕግ ሰው ገዛው። የማርሽን ትምህርት የተከተለ ሰው ስለ ነበረ የቶምን ተራራ ዛፍ አስተከለበት፤ ስፍራውም በ1992 ዓ.ም. ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ከቬርሞንት መሬት ሦስት አራተኛው ያህል ደን ነው፤ አብዛኛው ገበሬው ማሳውን ትቶ ሲሄድ በራሱ የበቀለ ነው። ከቶም ተራራ የሚወርደው ውሃ ወደ ኦታኬቺ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ኮኔቲከት ይገባል። ከዚያ እስከ ባሕር ድረስ ቤሎስ ፎልስ፣ ቨርነን፣ ተርነርስ ፎልስና ሆልዮክ የተባሉ አራት ግድቦች አሉ።